ፎርት ጂሰስ፦ ለመድፍ ተሠርቶ በበሩ የተገባበት ምሽግ

ሞምባሳ ሄዶ አስጎብኚ የያዘ ሰው አንድ ነገር ሳይሰማ አይመለስም፦ ፎርት ጂሰስ ከላይ ሲታይ ተንጋሎ የተኛ ሰው ይመስላል፤ ራሱ ወደ ባሕሩ፣ እጆቹና እግሮቹ ወደየማዕዘኑ የተዘረጉ። አባባሉ ውሸት የለበትም። ዩኔስኮ በ2011 ምሽጉን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ይህንኑ ጠቅሷል። በህዳሴው ዘመን የነበሩ አውሮፓውያን ፍጹም ልክና ሚዛን የሚገኘው በሰው አካል ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ያ እምነት እዚህ በድንጋይ ተሠርቶ ይታያል። በዚህ ብቻ ረክቶ የሚወጣ ጎብኚ ግን ዋናውን ነገር ሳያየው ያልፋል። እነዚያ «እጅና እግር» የሚባሉት ጫፎች መጀመሪያ የወጡት ለመድፍ መልስ ለመስጠት ነው። የምሽጉ ታሪክ የሚገርመውም እዚህ ላይ ነው። ለመድፍ ተብሎ በዚህ ሁሉ ስሌት የተሠራው ግንብ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር፣ ጠላት የገባበት ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ መሐንዲሱ ያላሰበው ነበር።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሩድ ከመምጣቱ በፊት ጥሩ ግንብ ማለት ረጅም ግንብ ነበር። ጠላት መሰላል ይዞ ስለሚመጣ፣ ግድግዳው ከመሰላሉ ከበለጠ ጉዳዩ አለቀ። መድፍ ሲመጣ ያው ቁመት ዕዳ ሆነ። ረጅምና ቀጭን ግድግዳ ከሩቅ ዒላማ ይሆናል፤ አረር ወገቡን ሲመታው ይናዳል፤ ፍርስራሹም ቦዩን ሞልቶ ለአጥቂው መወጣጫ ይሆንለታል። ጣሊያኖች ይህን የተማሩት በደማቸው ነው። በ1494 የፈረንሳዩ ንጉሥ ቻርልስ 8ኛ ተንቀሳቃሽ መድፎቹን እየጎተተ ሲወርድባቸው፣ ለዘመናት የተማመኑባቸው ግንቦች በአጭር ጊዜ ተረቱ። ከዚያ በኋላ መሐንዲሶቻቸው ግድግዳውን ዝቅ አደረጉት፤ አወፈሩት፤ ወደ ውስጥ ዘንበል አድርገው ሠሩት፤ ከኋላው አፈር ደለደሉበት።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይረቅቃል። የጎንደሩን የፋሲል ግንብ ያየ ሰው በማዕዘኖቹ ላይ ያሉትን ክብ ማማዎች ያስታውሳል። እስቲ በሐሳብ ከአንዱ ማማ ሥር፣ ከክቡ ፊት ለፊት፣ ግድግዳውን ተጠግታችሁ ቁሙ። ከላይ ያለው ዘበኛ እናንተን ለማየት ደረቱን አውጥቶ ቁልቁል ማጎንበስ አለበት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከሩቅ ያለ ተኳሽ ያገኘዋል። ከሌላው ማማ ላይ ያለው ባልደረባውም አያያችሁም፤ የክቡ ሆድ ይጋርዳችኋል። እዚያች ስውር ጥግ ላይ ተረጋግቶ ግድግዳውን መቦርቦር፣ ሥሩ ባሩድ መቅበር ይቻላል። (ጎንደር የነገሥታት መኖሪያ እንጂ የመድፍ ምሽግ ስላልነበረ ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርበትም።) አሁን ክቡን ማማ አንሡና በቦታው እንደ ጦር ጫፍ የሾለ ቅርጽ አስቀምጡ። የሾለው ነገር ሁለት ጎኖች ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ከጎረቤቱ ጫፍ የሚተኮስ ጥይት ግድግዳውን እየታከከ ያልፋል፤ የሚደበቁበት ሆድ የለም። እያንዳንዱ ጫፍ የጎረቤቱን ደጅ ይጠብቃል ማለት ነው። በሙያው ስሙ ባስቲዮን ይባላል፤ ከጣሊያን ተነሥቶ አውሮፓን ካዳረሰ በኋላ በፖርቱጋል መርከቦች ተጭኖ ወደ እኛው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጣ።

ያመጣው ሰው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የሚባል የሚላኖ መሐንዲስ ነው። አንድ ጣሊያናዊ ለፖርቱጋል ምሽግ መንደፉ ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። የስፔኑ ንጉሥ ፊሊጶስ 2ኛ በ1580 የፖርቱጋልንም ዘውድ ደርቦ ያዘ፤ ሚላኖም በእርሱ ሥር ነበረች። ካይራቲ ተልኮ የሕንድ ውቅያኖስ ይዞታዎች ዋና መሐንዲስ ሆነ። መቀመጫው የፖርቱጋል ሕንድ ዋና ከተማ ጎዋ ነበረች፤ በ1596 የሞተውም እዚያው ነው።

ሞምባሳ ለምን ተመረጠች? ቫስኮ ዳ ጋማ በአፕሪል 1498 እዚያ ሲደርስ የተቀበለው ጥርጣሬና ጠብ ነበር። ትንሽ ወደ ሰሜን አልፎ ማሊንዲ ሲደርስ ግን የማሊንዲ ንጉሥ አስተናገደው፤ ወደ ሕንድ የሚያደርሰውም መርከብ መሪ ሰጠው። ማሊንዲና ሞምባሳ የቆየ ፉክክር ስለነበራቸው የማሊንዲ ወዳጅ የሞምባሳ ጠላት ሆነ። ፍራንሲስኮ ደ አልሜዳ በ1505 ሞምባሳን ዘርፎ አቃጠለ፤ ኑኖ ዳ ኩኛ በ1528 ደገመው። ያም ሆኖ ለመቶ ዓመት ያህል ቋሚ ምሽግ ሊሠራባት የተነሣ አልነበረም። ሐሳባቸውን ያስለወጣቸው ከሰሜን የመጣ ሰው ነው፤ አሊ ቤይ የሚባል የኦቶማን መርከበኛ በ1580ዎቹ ከቀይ ባሕር እየወረደ የስዋሂሊን ከተሞች አንድ በአንድ ማሳመጽ ጀመረ። በ1589 የጎዋ መርከቦች ሞምባሳ ላይ ያዙት። በዚያው ሰሞን ዚምባ የሚባሉ ተዋጊዎች ከመሬት በኩል መጥተው ደሴቲቱን ገብተውባት ስለነበር ከተማዋ ከሁለቱም ወገን ተመታች። ትንሽ ቆይቶ የማሊንዲ ሱልጣን መቀመጫውን ወደ ሞምባሳ አዛወረ፤ ፖርቱጋሎችም ተከተሉት።

ይህ የቱርክና የፖርቱጋል ትንቅንቅ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቫስኮ ልጅ ክሪስቶፎር ዳ ጋማ 400 ያህል ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች ይዞ በ1541 በምጽዋ የገባው፣ በዓመቱም በኢማም አሕመድ እጅ ወድቆ የተገደለው፣ ኦቶማኖችም በ1557 ምጽዋን የያዙት በዚያው ሽኩቻ ውስጥ ነው። ምሽጉ ከቆመ በኋላም ጄሮኒሞ ሎቦ የተባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ በ1624 ወደ አፄ ሱስንዮስ አገር የሚያስገባ መንገድ በዚሁ በስዋሂሊ ዳርቻ በኩል ፈልጎ ነበር። አልሆነለትም፤ ወደ ሕንድ ተመልሶ በዓመቱ በቀይ ባሕር በኩል ገባ።

ሥራው የተጀመረው አፕሪል 11 ቀን 1593 ነው። ቦታው ወደ ወደቡ በሚያስገባው ጠባብ የባሕር መግቢያ አፍ ላይ የወጣ የኮራል ጉብታ ነው። ኮራል ማለት በባሕር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ለሺህ ዓመታት ትተውት የሄዱት አጽም ተደራርቦ ድንጋይ ሲሆን ነው። ለመቁረጥ ቀላል ነው፤ ሲቃጠል ደግሞ ኖራ ይወጣዋል። ስለዚህ ድንጋዩም ማያያዣውም እዚያው ተገኘ። የግድግዳው ታችኛ ክፍል ጉብታው ራሱ ተጠርቦ ነው፤ ግንቡ ከዚያ በላይ ይቀጥላል። ከመሬቱ በኩል ደግሞ ኮራሉን እየፈለፈሉ ውኃ የሌለው ጥልቅ ቦይ አወጡበት። ግንበኞቹ ከሕንድ መጡ፤ የጉልበት ሠራተኛው ከማሊንዲ።

አራቱ ባስቲዮኖች ሳኦ ፊሊፔ፣ ሳንቶ አልቤርቶ፣ ሳኦ ማቴውስና ሳኦ ማቲያስ ይባላሉ። የቅዱሳን ስሞች ናቸው፤ ግን አሰያየሙ ብልጠት አለበት። ንጉሡ ፊሊጶስ፣ በፖርቱጋል የንጉሡ እንደራሴ አልቤርቶ፣ በሕንድ እንደራሴው ማቲያስ፣ ሥራውን የመራው አዛዥ ደግሞ ማቴውስ ነበሩ። አለቃን አመስግኖ ራስንም ሳይረሱ ለመጸለይ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። ፊሊፔና አልቤርቶ ወደ መሬቱ፣ ማለትም ዋናው ጥቃት ይመጣበታል ወደተባለው ወገን፣ ይመለከታሉ። እርስ በርስ በሚተያዩበት ጎናቸው ላይ ግድግዳው ወደ ውስጥ ታጥፎ ታገኙታላችሁ፤ በሌላ ምሽግ ብዙ የማይታይ ነገር ነው።

ሥራው በ1596 አለቀ ተባለ። ዲዛይኑም ሠርቷል። እንዴት እንደሠራ ለማወቅ ደግሞ ፖርቱጋሎቹ ራሳቸው ከውጭ ቆመው የተኮሱበትን ዓመት ማየት ያስፈልጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሽጉ አዛዦች ከሞምባሳ ሱልጣን ጋር ተጣሉና በ1614 ሱልጣኑ በእነርሱ ሴራ ተገደለ። ልጁ ዩሱፍ ቢን ሐሰን ገና ሕፃን ነበር። ወደ ጎዋ ተወስዶ በአውጉስጢኖሳውያን መነኮሳት እጅ አደገ፤ ተጠመቀ፤ ስሙ ዶም ጄሮኒሞ ሆነ። በ1626 የታመነ ካቶሊክ ንጉሥ ተብሎ ወደ አባቱ ዙፋን ተመለሰ። ለአምስት ዓመታት የምሽጉን አዛዦች ንቀት ቻለ። በ1631 ግን በአባቱ መቃብር ላይ በእስልምና ሥርዓት ሲጸልይ ታየ የሚል ወሬ ለአዛዡ ለፔድሮ ሌይታኦ ደ ጋምቦዋ ደረሰ። ሊያስረው ማሰቡን ዩሱፍ ሰማ። በኦገስት 16፣ በካቶሊኮቹ የማርያም ዕርገት በዓል ማግሥት፣ ሰዎቹን አስከትሎ አዛዡን ሊጠይቅ በሚመስል ሁኔታ በበሩ ገባ። አዛዡን በጩቤ ወጋው። ከዚያ በኋላ በከተማዋ የነበሩ ፖርቱጋሎችና ክርስቲያኖች በብዙ ቁጥር ተገደሉ። አንድ ባስቲዮን እንኳ አልተኮሰም፤ የገባው የታወቀ እንግዳ ነውና።

በ1632 መጀመሪያ ከጎዋ ቅጣት ሊያደርስ የመጣው የመርከብ ጦር ሁለት ወር ያህል ምሽጉን ከቦ ታገለ። ራሳቸው የሠሩትን ግንብ ሊሰብሩት አልቻሉም። አፍረው ሄዱ። ለካይራቲ ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚገኝ አይመስለኝም። ዩሱፍ ግን ብቻውን ከጎዋ ጋር እየተዋጋ እንደማይዘልቅ ያውቅ ነበርና በዚያው ዓመት ያፈረሰውን አፍርሶ፣ መድፎቹን በመርከብ ጭኖ ወጣ፤ ቀሪ ዘመኑን በባሕር ላይ ዘራፊነት አሳልፎ በ1638 ሞተ። ፖርቱጋሎቹ ባዶ ምሽግ ገቡ። (በዚያው በ1632 አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ለማስፋት የከፈሉት ደም ሰልችቷቸው ሕዝቡን ወደ ቀደመው እምነቱ መለሱ። በሁለቱ መካከል የታወቀ ግንኙነት የለም፤ ዘመኑ ግን አንድ ነው።)

ዛሬ ወደ ምሽጉ ስትገቡ ከበሩ በላይ ያለውን የድንጋይ ጽሑፍ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። ዓመቱ 1635 ነው። ፍራንሲስኮ ደ ሴይሻስ ደ ካብሬይራ የተባለ አዛዥ በ27 ዓመቱ እዚህ መሾሙን፣ ምሽጉን መልሶ መሥራቱን፣ ይህንን የዘበኛ ክፍል መጨመሩን፣ ያመጹትን የዳርቻ ከተሞች መቅጣቱን ይዘረዝራል። በትዕቢት የተሞላ የወጣት ጽሑፍ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ከሁሉ በፊት ያጠናከረው በሩን ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ ታሪክ ከበባው ነው፤ እርሱን ለመረዳት ስለ ነፋስ ማወቅ ግድ ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከኅዳር ገደማ ጀምሮ ለጥቂት ወራት ነፋሱ ከሕንድና ከዓረብ አገር ወደ አፍሪካ ይነፍሳል፤ ከሚያዝያ በኋላ ደግሞ ዞሮ ወደዚያ ይመልሳል። በሸራ የሚሄድ መርከብ ከዚህ ሊያመልጥ አይችልም። ስለዚህ ሞምባሳ ያለ አዛዥ «ድረሱልኝ» ብሎ ቢጽፍ፣ ደብዳቤው አንድ ነፋስ ጠብቆ ይሄዳል፤ መልሱ ሌላ ነፋስ ጠብቆ ይመጣል። እህልና ባሩድ ለዓመት ያልበቃው ምሽግ ምንም ያህል ጫፉ ቢሾል ዋጋ የለውም።

የኦማኑ ኢማም ሰይፍ ቢን ሱልጣን ጦር ማርች 13 ቀን 1696 ደረሰ። ምሽጉ ውስጥ የነበሩት ፖርቱጋሎች ከመቶ በታች ነበሩ፤ የተቀሩት ከ1,000 በላይ የሚሆኑት ከእነርሱ ጋር የወገኑ የዳርቻው ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ኦማኖቹ ግድግዳውን በመድፍ ለመናድ ብዙም አልደከሙም። ከበው ተቀመጡ። በዓመቱ መጨረሻ ከጎዋ እርዳታ ደረሰ፤ ግን አብሮ በሽታ ነበረ፤ የመጡትም እንደ ቀደሙት ረገፉ። በ1697 ኦገስት መጨረሻ ላይ የፖርቱጋሉ አዛዥ ሞቶ፣ ምሽጉ ሼክ ዳውድ በሚባል፣ ፋዛ የምትባል የስዋሂሊ ከተማ ልዑል እጅ ቀረ። ከእርሱ ጋር የነበሩት 17 ዘመዶቹ፣ 8 አፍሪካውያን ወንዶችና 50 አፍሪካውያት ሴቶች ነበሩ። የፖርቱጋልን ባንዲራ ለሳምንታት ያቆሙት እነዚህ ናቸው። ግንቡ እንዴት ጠንካራ እንደነበር ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፤ በዚህ በድንጋይ ሥራ ውስጥ ሰባ ያህል የተራቡ ሰዎች አንድ ጦር ገትተዋል። ምሽጉን በጎበኘሁ ቁጥር ቅር የሚለኝም የሴቶቹ ስም የትም አለመጠቀሱ ነው።

በሴፕቴምበር አዲስ ኃይል ደረሰ። ያመጣችው ሳንቶ አንቶኒዮ ደ ታና የምትባል የጦር መርከብ ነበረች፤ በኦክቶበር ገመዶቿ ተበጥሰው፣ ተንሳፍፋ ሄዳ፣ ከምሽጉ ሥር ሰጠመች። ከበባው ሌላ ዓመት ቀጠለ። ዲሴምበር 13 ቀን 1698 ኦማኖቹ የመጨረሻውን ጥቃት ሲያደርጉ ውስጥ የቀሩት አዛዡ፣ ዘጠኝ ሰዎችና አንድ ቄስ ነበሩ። ሠላሳ ሦስት ወር ሆኖታል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ከጎዋ የተላከ የእርዳታ መርከብ ጦር በአድማሱ ላይ ታየ፤ በግንቡ ላይ የኦማንን ቀይ ባንዲራ አይቶ ዞሮ ሄደ።

የቀረው በአጭሩ ይነገራል፤ ተመሳሳይ ነውና። በ1728 የኦማን ወታደሮች እርስ በርስ ተጣልተው ስለነበር ፖርቱጋሎች ያለ ብዙ ውጊያ ተመልሰው ገቡ፤ በዓመቱ ሕዝቡ ተነሥቶባቸው በረኃብ እጅ ሰጡና በጀልባ ወደ ሞዛምቢክ ተሸኙ። ከዚያ በኋላ መዝሩኢ የሚባሉት የኦማን ሹሞች ምሽጉን የራሳቸው አደረጉት፤ ከ1741 ወዲህም በስምም በግብርም ለማንም አልገበሩም። በ1824 የእንግሊዙ ካፒቴን ኦወን ባንዲራውን ሰቀለላቸው፤ መንግሥቱ ግን ነገሩን አልፈለገውምና በ1826 ወረደ። የኦማኑ ሰይድ ሰዒድ በተደጋጋሚ በኃይል ሞክሮ ያጣውን በ1837 የመዝሩኢ ቤተሰብ እርስ በርስ ሲጣላ አገኘው። መድፍ የተሳካለት በ1875 ነው፤ ለዛንዚባሩ ሱልጣን አልታዘዝ ያለውን አዛዥ ሁለት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ከባሕር ደብድበው እጁን አሰጡት። ያን ጊዜ ግን መድፉ ካይራቲ ያወቀው ዓይነት አልነበረም፤ የሚፈነዳ ጥይት የሚወረውር፣ በእንፋሎት መርከብ የሚዞር ነበር።

በ1895 እንግሊዞች ገቡና ምሽጉን እስር ቤት አደረጉት። ለስድሳ ዓመት ያህል የግንቡ ሥራ ሰዎች እንዳይወጡ መጠበቅ ሆነ፤ ይህንን ደግሞ በደንብ ሠራው። በ1958 እስረኞቹ ወጥተው ቦታው ብሔራዊ ቅርስ ተባለ፤ የፖርቱጋሉ የጉልበንኪያን ፋውንዴሽን ለጥገናው ገንዘብ ሰጠ፤ ጄምስ ከርክማን የሚባል አርኪዮሎጂስት ቆፈረው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ዛሬ የሚያስተዳድረው የኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች ነው።

ለመጎብኘት የምትሄዱ ከሆነ በማለዳ ግቡ፤ ኮራሉ ፀሐይ ሲውጥ እንደ ምጣድ ይሆናል። የኦማኖቹን ቤት፣ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያውን፣ ኮራሉን ሰንጥቆ ወደ ባሕር የሚወርደውን መተላለፊያ እዩ። ከውጭ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት መድፎችም አሉ፤ አንዱ በ1914 ዛንዚባር ላይ ከሰመጠችው ከእንግሊዟ የጦር መርከብ ፔጋሰስ፣ ሌላው እርሷን ካሰጠመችው ከጀርመኗ ኮኒግስበርግ የተነሡ ናቸው። ከሳንቶ አንቶኒዮ የወጡት ዕቃዎች ግን በሙዚየሙ ውስጥ ናቸው። መርከቧን ከ1977 ጀምሮ ጠላቂ አርኪዮሎጂስቶች ለጥቂት ዓመታት ካጠኗት በኋላ የእንጨት አካሏን እዚያው አሸዋ ውስጥ መልሰው ቀበሩት።

ብዙ ሰው ሳይቆም የሚያልፈው ግን የወታደሮቹን ሥዕል ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ የተቀመጡ ፖርቱጋሎች በከሰልና በቀይ አፈር የምሽጉን ግድግዳ ሞልተውታል። የሠለጠነ ሠዓሊ እጅ አይደለም። ዓሣ አለ፤ የጦር ልብስ የለበሰ ሰው አለ። ከሁሉ የሚበዛው ግን መርከብ ነው፤ ምሰሶው፣ ገመዱ፣ የተነፋው ሸራ አንድ በአንድ ተቆጥሮ የተሳለ መርከብ።